ፊሽካ ሥራ ያቆመች ሰሞን

እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው በጣት ይቆጠራል፤ ሰፈሩ የሚጠራት ‹‹ፊሽካ›› ብሎ ነው። የቆሻሻ መኪናው ከዋናው መንገድ ወዲህ ስለማያልፍ፣ እሷ ጋሪዋን እየገፋች ወደ ጠባቦቹ መንገዶች ትገባና ፊሽካዋን ትነፋለች። ያኔ ሰው ማዳበሪያውን እየጎተተ፣ ባልዲውን አንጠልጥሎ፣ አንዳንዱም ገና ፊቱን ሳይታጠብ ከየበሩ ይወጣል። ተቀብላ፣ ጭና፣ ገፍታ መኪናው ዘንድ ታደርሳለች። ከዚያ እንደገና ትመለሳለች። ወጣትነቷ ያለፈው በዚህ ነው።

ሲበዛ ተጫዋች ነበረች። ‹‹ይሄ ሽታ አይከብድሽም?›› ያላትን ሁሉ፣ ‹‹አፍንጫዬን ቤት ትቼው ነው የምወጣው፤ ማታ ስገባ ናፍቆኝ ይጠብቀኛል›› ትለዋለች። ሳቋ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ከልቧ አልወጣ ብሏት ነበር። ታናሽ ወንድሟ የተናገራት ነው።

አባታቸው ቶሎ ስለሞተ ወንድሟን ያስተማረችው እሷ ናት። ተምሮ ባንክ ገባ፤ ከረባት ማሰር ጀመረ። አንድ እሑድ እናታቸው ቤት ሻይ እየጠጡ ሳለ፣ ‹‹እቴቴ፣ ለምን ይሄን ሥራ አትተዪውም?›› አላት።

‹‹ምን አድርጎኝ?››

‹‹ምንም አላደረገሽም። ግን ሥራ ማለት... ነገ ብትቀሪ ሰው ‹የት ሄደች?› የሚልበት መሆን አለበት። ይሄን ማንም ይሠራዋል።››

ክፋት አስቦ አልነበረም፤ ያዘነላት መስሎት ነው። እናታቸው፣ ‹‹አንተ ልጅ፣ አፍህን ሰብስብ!›› ብላ ተቆጣች። ፊሽካ ስቃ ሻይዋን ጨረሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ጋሪዋን ስትገፋ ‹‹ማንም›› የምትለው ቃል ከጎማው ጋር አብራ ትንጫጫባት ጀመር።

ክረምቱ በገባ ሰሞን ነው ነገሩ የተነሳው። ከሥራ ጓደኞቿ አንዷ፣ በቁመቷ ማጠር ‹‹ሚጢጢ›› የምትባለው ልጅ፣ አንድ ማዳበሪያ ብድግ ስታደርግ ውስጡ የነበረ የተሰበረ መስታወት መዳፏን ከዳር እስከ ዳር ቀደደው። ጓንት አላደረገችም፤ ከመካከላቸው ጓንት ያለው ሰው አልነበረም። ፊሽካ ሻሿን ፈትታ እጇን አሰረችላትና በዚያው በቆሻሻ መኪና ሐኪም ቤት አደረሷት። ሐኪሙ ጅማቷ ተነክቷል፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል አለ።

በማግሥቱ ሠራተኞቹ ተሰብስበው፣ ሚጢጢ እንድትታከም፣ ለእነሱም ጓንትና ቦቲ እንዲሰጣቸው ሊጠይቁ ወደ ጽዳት ኃላፊው ቢሮ ሄዱ። ከፊት የሚመራቸው የመኪናው ሹፌር ነበር። ድሮ ወታደር ስለነበረ ‹‹ሻምበል›› ይሉታል፤ ማዕረጉ ከአሥር አለቃ አላለፈም እንጂ።

ኃላፊው ከወንበሩ ሳይነሳ አዳመጣቸው። ‹‹ስለ ልጅቷ አዝኛለሁ፤ ግን መጠንቀቅ ነበረባት›› አለ። ‹‹የጓንትና የቦቲውን ነገር ለሚቀጥለው ዓመት እናያለን።››

‹‹እስከዚያ በምን እንሥራ?›› አለ ሻምበል።

‹‹እስካሁን በሠራችሁበት! ካልተመቻችሁ ደግሞ በሩ ክፍት ነው። ቆሻሻ ለማንሳት ማንም ይገኛል።››

የፊሽካ ጆሮ ጭው አለ። ያቺው ቃል ናት። አስባበት ሳይሆን አፏ ቀድሟት፣ ‹‹እንግዲያው ማንም ያንሳዋ!›› አለች።

ሻምበል ዞሮ አያትና የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረገ። ተከታትለው ወጡ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ነገሩን ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም። ኃላፊው የቀን ሠራተኞች አስመጣ፤ ግማሽ ቀን ሳይሞላቸው ጋሪውን እየጣሉ ሄዱ። ከዚያ ዝናቡ በረታ። በየጥጉ የተከመረው ማዳበሪያ ራሰ፣ ተቀደደ፣ የያዘውን ተፋ። ዝንቡ በረከተ። ሽታው ደጁ የደረሰበት ሁሉ ጨለም ሲል ማዳበሪያውን እየወሰደ የጎርፍ መውረጃው ቦይ ውስጥ ይወረውር ጀመር፤ ከዓይን የራቀ ከአፍንጫም የሚርቅ መስሎት።

ፊሽካ ዳቦ ልትገዛ ወጣ ብትል፣ ድሮ ‹‹ነይ እስቲ አረፍ በይ›› የሚላት ባለሱቅ ፊቱን አጠቆረባት።

‹‹ልጄን ሲያስመልሳት ነው ያደረው›› አለ። ‹‹እናንተ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጡ! በሰው ጤና ነው የምትደራደሩት?››

‹‹የሚጢጢ እጅስ የሰው እጅ አይደለም?››

‹‹እኔ ነኝ የቆረጥኳት?››

መስታወቱ ከማን ቤት እንደወጣ ማን ያውቃል? ዳቦውን ሳትገዛ ተመለሰች። በነጋታው በሯን ስትከፍት አንድ ሙሉ ማዳበሪያ ቆሻሻ ደጇ ላይ ተደፍቶ አገኘችው። ለማንሳት ጎንበስ አለችና እጇ አየር ላይ ቀረ። ብታነሳው ሥራ ጀመረች ይባላል፤ ብትተወው የገዛ ደጇ ነው። ተራምዳው ወጣች። በዚያች ቀን ሳቅ የሚባል ነገር ከፊቷ ጠፋ።

ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የነሳት ቦዩ ነበር። እናቷ የምትኖረው ከሰፈሩ ሁሉ ዝቅ ብሎ፣ ቦዩ በቱቦ ተቀብሮ መንገዱን ከሚያቋርጥበት አጠገብ ነው። ጉልበቷ አልታዘዝ ስላላት ያለ ሰው ድጋፍ ከአልጋ አትወርድም። ፊሽካ፣ ‹‹እማዬ፣ ክረምቱ እስኪያልፍ እኔ ጋ ሁኚ›› ብትላት፣ ‹‹ከቤቴ የምወጣው በቃሬዛ ነው!›› ብላ አሻፈረኝ አለች።

ፊሽካ ሻምበል ቤት ሄደች። በር ላይ ቆሞ ጢሙን እየተላጨ ነበር።

‹‹ጋሼ፣ ቦዩ አፉ ድረስ ሞልቷል። ከባድ ዝናብ ከጣለ የታችኛው ሰፈር ውሃ ይገባዋል።››

‹‹አውቃለሁ። ምን እንደምንሠራ አሁን ይገባቸዋል።››

‹‹እዚያ እኮ እናቴ አለች።››

ምላጩን አስቀመጠ። ‹‹የሁላችንም እናት የሆነ ቦታ አለች፣ እህቴ። ዛሬ ብንመለስ ሚጢጢን የሚያሳክማት የለም፤ ነገ ደግሞ ያንቺ እጅ ነው የሚቆረጠው። ትንሽ ቻይ።›› ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ‹‹ደግሞ ‹ማንም ያንሳዋ› ያልሽው አንቺ ነሽ›› አላት።

እውነቱን ነው። አንገቷን ደፍታ ተመለሰች።

የፈራችው አልቀረም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ዶፉን ያወርደው ጀመር። ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነበር፤ ድምፁን ግን አላወቀችውም።

‹‹እቴቴ! እማዬን ልጠይቅ መጥቼ... በሩ አልከፈት አለኝ! ውሃ ገብቶባታል! እየተጣራች ነው፣ ድረሺ!››

ሮጣ ወጣች፤ ተመልሳ አካፋዋን አነሳችና እንደገና ሮጠች።

መንገዱ ወንዝ ሆኗል። ቱቦው አልውጥም ያለው ውሃ ከነማዳበሪያው፣ ከነጠርሙሱ ወደ ቤቶቹ ተመልሶ እናቷ በር ላይ የቆሻሻ ግድግዳ ሠርቷል። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ነው። ወንድሟ ከነከረባቱ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ አንድ እግሩን ግንቡ ላይ አስደግፎ እጀታውን ይጎትታል። በሩ ንቅንቅ አይልም። መስኮቱ ብረት አለው። እናታቸው በመስኮቱ ሥር አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ውሃው ፍራሹን ነክቶታል።

‹‹እማዬ፣ መጣሁልሽ! አይዞሽ!››

‹‹ልጄ፣ እየጨመረ ነው›› አለች እናቷ። አሁን አትጮኽም፤ ድምፅዋ ዝግ ብሏል። ፊሽካን ይበልጥ ያስፈራትም እሱ ነው።

‹‹በሩን ተወው!›› አለችው ወንድሟን። ‹‹ቱቦው ካልተከፈተ ውሃው አይጎድልም። ና!››

ቦዩ ውስጥ ዘላ ገባች። ውሃው ደረቷ ላይ ደረሰ። በአካፋው እየወጋች፣ በባዶ እጇ እየዳበሰች ያገኘችውን ሁሉ ታወጣለች፤ ወንድሟ ከላይ ሆኖ እየተቀበለ ይወረውራል። አንዱን ስታወጣ ሁለት ይመጣል። ማዳበሪያ በያዘች ቁጥር የሚጢጢ መዳፍ ድቅን ይልባታል፤ ዓይኗን ጨፍና ትጨብጣለች።

ከመንገዱ በላይ ሰው ተሰበሰበ። ከጫጫታው መሀል የምታውቀውን ድምፅ ሰማች።

‹‹ምን እያደረግሽ ነው?›› ሻምበል ነበር። ሌሎቹ ሠራተኞች ከኋላው ቆመዋል።

‹‹እናቴ ውስጥ ናት!››

‹‹ከከፈትሽው አለቀልን! አለቆቹ የሚጠብቁት ይሄንኑ ነው!››

‹‹ጋሼ፣ እናቴ ውስጥ ናት አልኩህ እኮ!››

አንዱ ሠራተኛ፣ ‹‹ከዳተኛ!›› ብሎ ጮኸ። ሻምበል ወደ መስኮቱ አየ። አሮጊቷ በብረቱ መካከል እጇን አውጥታ ግንቡን ይዛለች። ሻምበል አንድ እግሩን ወደ ቦዩ አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው።

በዚህ መሀል የኃላፊው መኪና ደረሰ። ኃላፊው ጃንጥላ ዘርግቶ ወረደና ቦዩ ውስጥ ያለችውን ሲያይ ፊቱ በራ።

‹‹ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ!›› አለ ስልኩን እያወጣ። ‹‹ሥራ ተጀመረ ማለት ነው። እስቲ ቀና በይ፣ ፎቶ ላንሳሽ። እናንተም ግቡ፣ ምን ትገተራላችሁ?››

ፊሽካ ቀና አለች። ጭቃው ከግንባሯ ይንጠባጠባል። ‹‹ሥራ አልጀመርኩም! የእናቴን በር ነው የምከፍተው!›› ብላ ጮኸች። ‹‹ስልክህን ክተትና አንድ ማዳበሪያ ጎትት!››

ኃላፊው ስልኩን አላወረደም። ያኔ ሻምበል ሄዶ በእሱና በቦዩ መካከል ተገተረ። ኃላፊው ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ ይላል። ሌሎቹም ተራ በተራ መጥተው ከጎኑ ቆሙ፤ ‹‹ከዳተኛ›› ያላት ሳይቀር። ቦዩ ውስጥ ግን አንዳቸውም አልገቡም።

የገባው ባለሱቁ ነው። ሱሪውን እንኳ ሳይሰበስብ ከጎኗ ዘሎ ወረደና፣ ‹‹የት ጋ ነው የተያዘው?›› አላት። እጁን ይዛ ውሃው ውስጥ አስዳበሰችው። ቱቦው አፍ ላይ አሮጌ ፍራሽ ተጠቅልሎ ተሰንቅሯል። እሱ ከአንድ ጎን፣ እሷ ከአንድ ጎን፣ ወንድሟ አካፋውን ሰቅስቆ ከላይ፣ ሦስቱም ባንድ ላይ ነቀነቁት። አንዴ፣ ሁለቴ አቃታቸው። ቀጥሎ ፍራሹ ተዘረጠጠና ውሃው አግስቶ ወደ ቱቦው ሄደ፤ ፊሽካንም እግሯን መትቶ ይዟት ሄደ። ወንድሟ በሆዱ ተጋድሞ የሹራቧን አንገት ጨበጠ። ለአፍታ ፊቷ ከውሃው ሥር ጠፋ። ባለሱቁ በወገቧ ይዞ ሲያወጣት ጭቃውን እየተፋች፣ ‹‹በሩን!›› አለች።

ውሃው ሲጎድል ሰው ሁሉ ተረባርቦ በሩ ላይ የተከመረውን አነሳ። ወንድሟ እናቱን አዝሎ ወጣ። አሮጊቷ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ እየተንቀጠቀጠች፣ ‹‹ቃሬዛ ብዬ ነበር፤ የባንክ ሠራተኛ ተሸክሞኝ ወጣ›› ስትል ፊሽካ መሳቅ ጀምራ ልቅሶ ሆነባት።

ጎርፉ ሌላም ቦታ ብዙ ቤት አጥለቅልቆ ስለነበር ከኃላፊው በላይ ያሉ ሰዎች መጡ፤ ሠራተኞቹን አነጋገሩ። ጓንትና ቦቲ መጣ። የሚጢጢም ቀዶ ጥገና ተሠራላት፤ ዘግይቶ ነበርና ሁለቱ ጣቶቿ እስከዛሬ አይታጠፉም። ኃላፊው እዚያው ወንበሩ ላይ ነው። እናታቸውን ሳንባ ምች ይዟት ብዙ ተኛች፤ ዳነችና አሁን የምትኖረው ወንድ ልጇ ዘንድ ነው።

ሥራ በተጀመረ ሰሞን ሰፈሩ ፊሽካን በእልልታ ነበር የተቀበላት። ‹‹ለካ ያለ እናንተ ሰው አይደለንም!›› ያላላት የለም። ዕድሜዋን ሙሉ ልትሰማው የጓጓችው ቃል ነበር። ሲመጣ ግን የዚያ እርጥብ ፍራሽ ሽታ አብሮ እየመጣ አላስደስት አላት። ደግሞም ብዙ አልቆየም፤ ሰው ረሳው፣ ማዳበሪያውን ሳያስር ማውጣት ጀመረ። ወንድሟ ሥራ ቀይሪ ማለቱን ትቷል። ጥሩ ሥራ ነው ብሎም አያውቅም።

ሠራተኞቹ ግን ቂም ያዙ። ግማሹ አብሯት አይበላም ነበር። ሻምበልም ‹‹ጫኚ››፣ ‹‹ውረጂ›› ከማለት ውጪ ቃል አይወጣውም። ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን፣ ሌሎቹ ሳይመጡ መኪናው ውስጥ ለብቻቸው ተቀምጠው ሳለ፣ ፊቱን ወደ መስታወቱ እንዳደረገ፣ ‹‹ያን ቀን ልገባ እግሬን አንስቼ ነበር›› አላት።

‹‹አይቼሃለሁ።››

‹‹ግን ባለመግባቴ አልጸጸትም።››

‹‹እኔም በመግባቴ አልጸጸትም፣ ጋሼ።››

ሻምበል በመስታወቱ ወደ ውጭ አየ። ‹‹ሚጢጢ መጣች፤ በይ ቦታ ልቀቂላት›› አለና ሞተሩን አስነሳ። የዚያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦውን ለሁለት ገምሶ ግማሹን ለፊሽካ ሰጣት።