የአሳብ እንሶስላ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ሐይቅ ከተማ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ደረሰብኝ ማለቴም ይቅር፤ እኔ ነኝ ያደረስኩት። ዛሬ ልጆች አድርሻለሁ፣ ፀጉሬም ሸብቷል። ሴቶች ልጆቼ ጥፍራቸውን ሲቀቡ ባየሁ ቁጥር ግን ፊቴ ይግላል፣ ሰበብ ፈልጌ ከክፍሉ እወጣለሁ። ለምን እንደሆነ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አጎቴ ከአሳብ ደሴ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ገዝቶት ይሁን ተሰጥቶት እንጃ፣ አምስት ትናንሽ ጠርሙስ የጥፍር ቀለም በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ለእናቴ እንዳይነግራት ማስማል ነበር።

እናቴ የአምባሰል ሴት ናት፤ አንድ ጊዜ ከተናገረች አለቀ። “ጥፍር ቀለም ቤቴ የገባ ቀን ትምህርት የለም፣ ባል ነው” ብላኛለች። ምክንያት አላት። ቀለሙ ጥፍሩን ስለሚሸፍነው ከሶላት በፊት የምንታጠበውን የውዱእ ውሃ አያስገባም። ውዱእ ከሌለ ደግሞ ሶላት የለም። እንሶስላ ግን ጥፍሩ ውስጥ ሰርጎ ነው የሚያቀላው፣ ውሃ አይከለክልም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ማወቄን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ “አላወቅኩም ነበር” ብዬ የማመልጥበት ቀዳዳ የለኝም።

ቀለሞቹን የምንሞክረው እኔና የክፍል ጓደኛዬ አስቴር ነበርን። እሷ ክርስቲያን ስለሆነች የሚያስፈራት ውዱእ ሳይሆን ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ጥፍር የሚያዩት መምህር ነበሩ። እናቴ ገበያ ስትወጣ፣ እኔም እንደ ሴት ልጅ ሶላት የማልሰግድባቸውን ቀናት ጠብቀን ጓዳ እንገባለን።

ጊዜው የግምገማ ጊዜ ነው። ቀበሌው ይገመግማል፣ ማኅበሩ ይገመግማል፣ ትምህርት ቤቱ ይገመግማል። እኛ ምን ጎደለን? ቀለሞቹን ገመገምናቸው። አስቴር ሊቀመንበር፣ እኔ ጸሐፊ ሆነን የሒሳብ ደብተሬ ጀርባ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዝን።

“አረንጓዴ። ጣታችንን የቃሪያ ማሳ አስመስሎታል። ለምን እንደተፈጠረ ራሱ ሂሱን ይዋጥ። ከአሥር ሁለት።”

“ሰማያዊ። በር የቀጠቀጠው ጣት ይመስላል። ሦስት።”

“ወይን ጠጅ። የቀበሌ ማኅተም የነካ እጅ። ሰው ሊፈራን ስለሚችል አምስት።”

“ብርማ። ያምራል፤ ነገር ግን በሐይቅ ከተማ ይህን የቀባች ሴት ዓሣ ስትልጥ የዋለች ነው የምትባለው። አምስት ተኩል።”

አምስተኛው ጥቁረት ያለው ቀይ ነበር። አስቴር እጇን ወደ መስኮቱ ዘርግታ ብዙ አየችውና “ጓዶች፣ ይኼ እኮ እንሶስላ ነው!” አለች። እውነትም ቁርጥ እንሶስላ። ዘጠኝ ሰጠነው። አንዱን ነጥብ የቀነስነው ከእንሶስላ ካልተለየ ከአሳብ ድረስ ምን አስመጣው ብለን ነው። እየሳቅን ጻፍነው።

መቀባቱ ቀላል ነው፤ ማስለቀቁ ነው መከራው። ማስለቀቂያ የሚባል ነገር አልነበረንም። ጥጥ በቤንዚን ነክረን እናሻለን፣ የቀረውን በምላጭ እንፍቃለን። ጥፍራችን እስኪሳሳ ድረስ።

አንድ ቅዳሜ ያንን ቀይ ቀለም ብቻዬን ተቀብቼ፣ ሳልፍቀው ውሃ ልቀዳ ብቅ ስል ከጎረቤታችን ከእማ ከድጃ ጋር ተገጣጠምኩ። እማ ከድጃ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ለእናቱ ልጃቸው ሰይድ ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን የዘመተባቸው ሴት ናቸው። ጉልበታቸው ያማቸዋል። ዓይናቸው ቀለም ይለያል እንጂ መርፌ ላይ ክር አያስገባም። ከሰይድ ደብዳቤ ከመጣ ወራት አልፎ ነበር።

እጄን ያዙኝ። “አንቺዬ፣ እንዴት ያለ እንሶስላ ነው! ከየት አገኘሽው?”

ጥፍር ቀለም ነው ብል በማግስቱ እናቴ ጆሮ ይገባል። “አጎቴ ያመጣው የአሳብ እንሶስላ ነው” አልኩ።

“ለኔስ የለሽም? እህቴ ከአምባሰል ትልክልኝ ነበር፤ ዘንድሮ አልመጣልኝም። ለዓረፋ ለወታደሮቹ ፈቃድ ይሰጣል ይላሉ። ሰይዴ መጥቶ እናቱን እጇ ነጥቶ እንዳያገኛት።”

አልቋል ማለት አንድ ቃል ነበር። ግን ስስታም እንዳይሉኝ ይሁን፣ ወይም ነገሩን ቶሎ ልገላገለው ብዬ፣ “አለኝ” አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ጠርሙሱን በነጠላዬ ሸፍኜ ሄድኩ። እሳቸው ጣታቸው ላይ የሚታሰር የጉሎ ቅጠልና ክር አዘጋጅተው ጠበቁኝ። ስቀባቸው አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ።

“ሽታው ምንድን ነው ልጄ?”

“ከመርከብ ነው፣ እማ።”

“አይታሰርም እንዴ?”

“የአሳቡ ወዲያው ይደርቃል።”

“የዘንድሮ ነገር ሁሉ ችኩል ነው” ብለው ሳቁ። እግራቸውንም ዘረጉልኝ። አሥሩንም የእጅ፣ አሥሩንም የእግር ጥፍር ቀባሁ። ያለችኝ ትንሽ ስለሆነች ነው ብዬ ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉኝ። እናቴ በማግስቱ አይታ “የእማ ከድጃ እንሶስላ ያብረቀርቃል” ስትል፣ “ቅቤ ቀብተውት ይሆናል” አልኩ። ውሸት አንዴ ከጀመሩት እንዲህ ነው፤ ሳይጠሩት ይመጣል።

ዓረፋ ደረሰ። እማ ከድጃ በዋዜማው ጾሙ፣ ሰገዱ፣ እንባቸው አገጫቸው ላይ እስኪንጠባጠብ ለሰይድ ዱዓ አደረጉ። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። ውዱእ ሲያደርጉ ውሃው ከዚያ ቀይ ጥፍር ላይ ተንሸራትቶ ሲወርድ ታየኝ። ሄጄ ልናገር ተነሳሁ፤ እናቴ በር ላይ ነበረች፤ ተቀመጥኩ። ሰይድም አልመጣም።

ከቀባኋቸው በስምንተኛው ቀን በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። መዳፋቸውን ዘርግተው አንዲት ስስ ቀይ ቅርፊት አሳዩኝ።

“ልጄ፣ እንሶስላ ይደበዝዛል እንጂ ይላጣል እንዴ?”

“ጥፍር ቀለም ነው፣ እማ” አልኩና አለቀስኩ።

አልጮሁም፣ አልረገሙኝም። መደቡ ላይ ተቀመጡና ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው “ስምንት ቀን። አርባ ሶላት” አሉ። ቀጥለውም “የዓረፋው ዱዓዬስ?” አሉ። እኔን መጠየቃቸው አልነበረም። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

ከዚያ ቀና ብለው እኔኑ ማጽናናት ያዙ። “ልጅ አይደለሽ፣ ያጠፋል። ለእናትሽ አልናገርም፣ አብሽሪ። በይ አምጪና ይህን ነገር አላቂልኝ።”

ምላጩንና ቤንዚኑን ይዤ መጣሁ። የእጃቸው ቶሎ ለቀቀ። የእግራቸው ጥፍር ግን ወፍራምና የተሰነጣጠቀ ነው፤ ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ገብቷል። የዐስር ሶላት ሰዓት እስኪደርስ ስፍቅ ቆየሁ። የግራ እግራቸው ትንሿ ጣት ላይ ስደርስ እናቴ ስሜን ጠርታ ተጣራች። እጄ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። መጥታ ካየችኝ አለቀልኝ ብዬ ምላጩን መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥኩ።

“ወጣ?” አሉኝ።

“ወጣ።”

“ሁሉም?”

ትንሿ ጥፍር ከግማሽ በላይ ቀይ ነበረች። እያየኋት “ሁሉም፣ እማ” አልኩ። ማታ መጥቼ እጨርሰዋለሁ ብዬ ነው። ማታ እናቴ ከቤት አላስወጣችኝም፤ በማግስቱም ፈራሁ።

እሳቸው በዚያው ቀን ያለፋቸውን ሶላት መልሰው መስገድ፣ ቀዷ ማውጣት ጀመሩ። ከእያንዳንዱ ሶላት በኋላ አንድ ይጨምራሉ። በዚያ ጉልበት። ግንባራቸውን ከደፉበት ከሱጁድ ሲነሱ ግድግዳውን ይዘው “ያ አላህ!” ሲሉ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። እያንዳንዷን ያ አላህ እቆጥር ነበር። ውዱኡ ያው ጎደሎ ነው፤ ያችም ጣት ያው ቀይ ነች። ልናገር ብል አርባው እንደገና ሊሰገድ ነው፣ የየዕለቱም አብሮት። አንድ ቀን ባሳደርኩ ቁጥር በዚያች ሴት ጉልበት ላይ አምስት ሶላት እጨምራለሁ፤ ስለሚጨምርም መናገሩ ይብስ ይከብደኛል። እንዲህ እያልኩ ዝም አልኩ።

አርባው ያለቀ ቀን እማ ከድጃ ለእናቴ “አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ቀለለኝ” አሏት። እናቴ ከሕመም መስሏት ደስ አላት።

ሦስት ሳምንት ሲሆነው አልቻልኩም። “እማ፣ ጥፍርዎን ልቁረጥልዎት” ብዬ ገባሁና ያችን የግራ እግር ጣት ቆርጬ፣ የቀረውን ሞርጄ ጨረስኩት። ምልክቱም ጠፋ። እሳቸው ራሴን እየዳበሱ “አላህ ይስጥሽ። ሰይዴ እስኪመጣ ጥፍር የምትቆርጥልኝ ልጅ ሰጠኝ” አሉ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ጠርሙሶቹን ሽንት ቤት ጣልኳቸው። አስቴር ግምገማው ለምን እንደተቋረጠ ብትጠይቀኝ ስልችት አለኝ አልኳት።

ሰይድ አልመጣም። ደብዳቤም አልመጣ፣ መርዶም አልመጣ። አንድ ቀን እኛ ቤት ተቀምጠው፣ እኔ አጠገባቸው ምስር እየለቀምኩ፣ ለእናቴ እንዲህ አሏት፦ “የሌላው እናት ዱዓ ይደርሳል። የኔው መንገድ ላይ ይቀራል። አንድ የጎደለኝ ነገር አለ፤ ምን ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም።”

የት ላይ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ልጅን ከጦር ሜዳ የሚመልሰው የእናት ጥፍር እንዳልሆነ አእምሮዬ ያውቃል። ያኔ ግን ምስሩን ትቼ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እሳቸው በራሳቸው ላይ ሲፈርዱ ዝም አልኩ። ከሁሉም የከፋው ያ ዝምታ ነው።

ደርግ ወደቀ። እኔም ደሴ አገባሁ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ እናቴ “እማ ከድጃ ደክመዋል፣ ድረሺ” ብላ ላከችብኝ። ደሴ መኪና ላይ ከተሳፈርኩ ጀምሮ እስክወርድ ድረስ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። ዛሬ ካልነገርኳቸው መቼም አልነግራቸውም አልኩ።

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። በኛ አገር ሰው ሲደክም ጎረቤቱን አፉ በሉኝ ይላል፤ በድዬህ ከሆነ ይቅር በለኝ ነው ነገሩ። የተጠየቀውም አፉ ብያለሁ ይልና በተራው አፉታ ይጠይቃል። ተራዬ ሲደርስ እጄን ይዘው “ልጄ፣ ያስቀየምኩሽ ካለ አፉ በይኝ” አሉ።

“አፉ ብያለሁ። እማ፣ እርስዎ ነዎት እኔን አፉ ማለት ያለብዎት።”

ፈገግ አሉ። “የጥፍሩን ከሆነ ያኔውኑ አፉ ብዬሻለሁ።”

“ሌላም ነበር” አልኩ።

“ሌላ ምን አለ?”

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። እናቴ አጠገባቸው ቆማለች። ሊሞቱ የተቃረቡ ሴት ናቸው፤ ያ ሁሉ ሶላትዎ ጎደሎ ነበር ብዬ ልንገራቸው? ወይስ ያኔም እንደ ልጅነቴ እናቴን ነው የፈራሁት? እስካሁን ለይቼ አላውቀውም።

“ምንም፣ እማ” አልኩ።

“እንግዲያው አፉ ብያለሁ” አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ቀበርናቸው።

አፉታውን ተቀብዬ ወጣሁ ልበል? እሳቸው አፉ ያሉት ምንም ላልኩት ነው። ለእውነተኛው ጥፋቴ አልጠየቅኳቸውም፣ እሳቸውም አልሰሙትም። በኋላ አንድ የተማሩ ሼህ ዘንድ ሄጄ የሰው ታሪክ አስመስዬ ጠየቅኩ። “ያላወቀችው ሴት ምንም የለባትም፣ ሶላቷን አላህ ይቀበላታል” አሉኝ፤ በዚህ እፎይ አልኩ። ቀጥለው ግን “የበደለችዋ ያለባትን ሐቅ፣ የሰው ዕዳዋን፣ የምታስለቅቀው ከተበደለችዋ ነው፤ እሷ ከሞተች አፉ ማለት የሚችለው ወራሿ ነው” አሉ።

የእማ ከድጃ ወራሽ ሰይድ ብቻ ነው። ሐይቅ በሄድኩ ቁጥር ከመኪና ወርጄ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ እሱ ነው፤ ሰዎች ይገርማቸዋል። እናቱ ካለፉ ወዲህ ሰይድን የምጠብቀው እኔ ነኝ።