የእሑድ ጠብታ

ባለቤቴ ጆቴ ናዝሬት ውስጥ ጋሪ ነጂ ነበር። ከባቡር ጣቢያው እስከ ገበያው ሰው ያመላልሳል። ደርግ በገባ በሰባት በስምንት ዓመቱ ግድም ይመስለኛል፣ ሰው ስሙን ማጥፋት ጀመረ። ጆቴ ኮርቷል አሉ። ከጎኑ ቆመው ሰላም ሲሉት ዝም ብሎ ያልፋል። የቀበሌው ጥበቃ አምባዬማ ቤት ድረስ መጥቶ፣

"ባልሽ ሰፊውን ሕዝብ ንቋል። እጄን ዘርግቼ ትቶኝ ሄደ" አለኝ።

እኔ ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም። ማታ ግን ጆቴን ጠየቅሁት።

"አላየሁትም አልኩሽ እኮ!"

"እንዴት አታየውም? በመርፌ ቀዳዳ ክር የምታስገባልኝ አንተ አይደለህ?"

እውነቴን ነው፤ ከእኔ ይልቅ የሱ ዓይን ነበር ክሩን የሚያገኘው። ስለዚህ እኔም በሆዴ ኮርቷል አልኩ።

አንድ የገበያ ቀን የመሰለችን የቲማቲም ቅርጫት በጋሪው ጎማ ደፈጠጠው። መሰለች ጉሊት ቸርቻሪ ናት፤ ምላሷ አይጣል ነው።

"አንተ ጆቴ! ዓይንህን ዕቁብ ጣልከው እንዴ? ፈረሱ እንኳ አይቶኝ ሊሸሽ ነበር!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ቤት ገብቶ ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ከደነና በሩ ላይ አፍጥጦ ቆመ።

"ሽታዬ፣ በግራው ሳይ የበሩ መቃን የለም" አለኝ።

አዲስ አበባ ሆስፒታል ሄድን። ዶክተሩ ሽበት የጣሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው።

"ዓይን ውስጥ ውሃ አለ፤ ይመነጫል፣ ይወጣል። የእርስዎ መውጫው ስለማያሳልፍ ውሃው ተጠራቅሞ ይጫናል። ግፊቱ ዓይንን ከአንጎል የሚያገናኘውን ጅማት ቀስ በቀስ ይገድለዋል። ግላኮማ ይባላል።"

ጆቴ እንዳልገባው አዩና ሥራውን ጠየቁት።

"ጋሪ? እንግዲያው ፈረስዎ ግራና ቀኝ እንዳያይ ከዓይኑ አጠገብ ቆዳ ያስሩለት የለም? በሽታው እርስዎን እንደዚያ አድርጎዎታል። ይሄኛው ቆዳ ግን አይፈታም፤ እየጠበበ ነው የሚሄደው።"

"የጠፋብኝስ?"

"እሱ አይመለስም። የቀረውን ነው የምንጠብቀው። ይህን ጠብታ በቀን አራት ጊዜ፣ ዕድሜ ልክዎን። ባያምዎትም! ጠብታው ግፊቱን ካላወረደው ቀዶ ጥገና አለ፤ ለውሃው መውጫ እንከፍትለታለን።"

ጠብታውን እንዳደረገ ቅንድቡ ላይ ይወጋዋል፣ ዓይኑም በጠራራ ፀሐይ እንደ ምሽት ይጨልምበታል። የመጀመሪያውን ቀን "ይህን አድርጌ ጋሪ ብነዳ ሰው ልገድል ነው" ብሎኝ ነበር። ኋላ ግን ምንም አላለም። ጠርሙሱን በኪሱ ይዞ ይወጣል፤ እኔም መንገድ ላይ ያደርገዋል ብዬ ተውኩት።

ቀጠሮ ሲደርስ ግን ጋሪውን አቁሞ ሳምንቱን ሙሉ በሰዓቱ ያደርግ ነበር። ሐኪም ፊት ጠብታ ሳያደርግ መቅረብ ያሳፍረዋል። ዶክተሩ ይለኩና ደስ ይላቸዋል።

"ጎበዝ! ግፊቱ ወርዷል። ቀዶ ጥገናም አያስፈልገንም" ብለው ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። ጆቴ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ሄደ።

ከዚያ ግራው ፈጽሞ ጠፋ። ዶክተሩ ለኩ፣ ደግመው ለኩ፤ ግፊቱ ዝቅ ያለ ነውና ግራ ገባቸው። ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አነሡት።

"ይህ መቼ የተሰጠ ነው?"

"ከፋሲካ በፊት" አልኩ እኔ። መስቀል አልፎ ነበር።

ያኔ አንቱ ማለታቸውን ተዉ። "አንተ ሰውዬ፣ ይህ እኮ በወር የሚያልቅ ነው!"

ጆቴ መሬት መሬት አየ። "እሑድ እሑድና ቀጠሮ ሲደርስ ነው የማደርገው፣ ጌታዬ። በሥራ ቀን ያጨልምብኛል።"

"ታዲያ አትነግረኝም? ያኔውኑ ቀዶ ጥገና አደርግልህ ነበር እኮ! ዓይንህ ይተርፍ ነበር!"

"እንዲያ ደስ ብሎዎት... እንዴት ብዬ አልተጠቀምኩም ልበል? እንዳይቀየሙኝ ብዬ ነው።"

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። እሳቸውም ቢሆኑ ግን ጠብታው ጋሪ ያስነዳዎታል ወይ ብለው አንድ ቀን ጠይቀውት አያውቁም። ልላቸው ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ።

ቀኙም እየጠበበ ነበርና ቀደዱለት፤ ግፊቱም ወረደ። የዳነችው ግን መሐል ላይ የቀረችው ትንሽ የማያ ቀዳዳ ናት። ሳህን ላይ ያለውን እንጀራ ያያል፤ አጠገቡ ያስቀመጥኩትን ውሃ በእጁ ይደፋዋል። ጋሪ መንዳት አበቃ። ጋሪውንም ፈረሱንም ቀነዓ የሚባል የሁሩታ ሰው ገዝቶ ወሰዳቸው።

እንዳይሰለቸው ብዬ ጠዋት ጠዋት በርጩማውን መንገዱ ፊት ለፊት አወጣለታለሁ። አንድ ቀን ሲያፈጥ አይቼ፣ "ምን ይታይሃል?" አልኩት።

"ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ጋሪ ፊቴ ይደቀናል። ማን እንደሚነዳው ሳልለይ፣ ወዴት እንደሄደ ሳላውቅ ይጠፋል። ወደ ግድግዳው አዙሪኝ።"

"ግድግዳው ምን አለው?"

"አይሄድማ።"

ብብቱን ይዤ አነሣሁትና በርጩማውን አዞርኩለት።