ሰኞ የሚታሰረው ሰው

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ሚፍታሕ በሩ ላይ ቆሞ እንግዳውን አየው። ሰውየው አቧራ በጠጣ ባዶ እግሩ ቆሞ አዲስ ኮንጎ ጫማ በብብቱ ይዟል።

«ወንድሜ፣ ለምን አታደርገውም?»

«እስር ቤት ስገባ አደርገዋለሁ። ዋስ የሆነኝ ጎረቤቴ በእኔ ፋንታ እንዳይታሰር ብዬ ከአገሬ ከጽጽቃ በእግሬ ገሠገሥሁ። የእስር ቤቱ ዘበኛ ግን ‹እሑድ ነው፣ ሰኞ ና› ብሎ መለሰኝ። የሰው ራስ የፈነከትሁም ቸኩዬ ነው፤ ለመታሰርም ቸኮልሁ።»

ገብቶ ተቀመጠ። ፊልሙ እስር ቤት ሊገባ አንድ ቀን ስለቀረው ሰው ነበር፤ ሚፍታሕም እንደ ልማዱ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ በአማርኛ ይተረጉማል። የፊልሙን ሰውዬ ጓደኞቹ ደግሰው ሲሸኙት እንግዳው ጉልበቱን እየመታ ሳቀ።

«እኔን የሸኘኝ ውሻዬ ነው። እሱም ከወንዙ ተመለሰ።»

በመጨረሻ የፊልሙ ሰውዬ በገዛ እግሩ ገባና የብረቱ በር ተዘጋ። ተመልካቹ ሁሉ ወጣ። እንግዳው ኮንጎውን እንዳቀፈ ከአግዳሚው አልተነሣም።

«ወንድሜ፣ አልቋል እኮ» አለው ሚፍታሕ።

«ደግመህ ታሳየው የለም?»

«አሳያለሁ። ግን ያው ነው።»

«ይሁን። ይሄ ሞኝ ምናልባት አሁን ይሮጥ እንደሆን ልየው።»