በልቷል

ደመቀች ወረቀት የምትፈራ ሴት ነበረች። ስድስተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ተዳረች፤ ባሏ በጦርነቱ ጊዜ እንደወጣ ቀረ፤ ሁለት ልጆቿን ይዛ ሰቆጣ ገባችና የመንግሥት ሠራተኞችን ልብስ እያጠበች ኖረች። ከከተማው ዳር ያለው የአረጋውያን መጦሪያ ተንከባካቢ ሲፈልግ እሷን የወሰዳት ንባቧን አይቶ አይደለም፤ የዋግን ቋንቋ ኽምጣናን ስለምትናገር ነው። እዚያ ካሉት ሃያ ስድስት አረጋውያን ግማሾቹ እርጅናው ሲጫናቸው አማርኛው ከአፋቸው ጠፍቶ የቀራቸው የእናታቸው ቋንቋ ብቻ ነበር።

ሥራውን ወደደችው። ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ታገላብጣለች፣ ስትናደድም ትቆጣለች። አረጋውያኑ ይፈሯታል፤ ድምጿ አንድ ቀን ከጠፋ ደግሞ «የት ሄደች?» ብለው ቤቱን ያምሳሉ።

ኋላ የጥራትና የደኅንነት መመሪያ የሚባል ነገር መጣ። ከመመሪያው ጋር መዝገብ መጣ፤ በመዝገቡ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው በየቀኑ የሚሞላ ሳጥን፤ ቁርስ በልቷል ወይስ አልበላም፣ መድኃኒት ወስዷል ወይስ አልወሰደም፣ ወድቋል ወይስ አልወደቀም። መመሪያው ክፉ አልነበረም። ያወጣው ሰው ሽማግሌ ባዶ ሆዱን መድኃኒት ወስዶ ሲወድቅ ያየ መሆን አለበት። ግን ወረቀት የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። ደመቀች ደግሞ ከመፍራቷ ብዛት አንድም ሳጥን ባዶ አትተውም ነበርና ከክልል የመጣችው ተቆጣጣሪ መዝገቧን ከፍ አድርጋ ለሌሎቹ ሠራተኞች አሳየች። ያን ዕለት ደመቀች ቤቷ ስትገባ ለልጆቿ ነገረቻቸው፤ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

መዝገቡን ከሁሉ በላይ የሚያምነው አማረ ነበር። አማረ ከደብረ ታቦር ተመድቦ የመጣ ነርስ ነው፤ ኽምጣና አይሰማም። የደም ስኳር መለኪያው ጣት የሚነካበት ወረቀት ከጥር ጀምሮ አልቋል፤ ቢጠይቅ ቢጠይቅ የሚሰጠው አላገኘም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መዝገቡን ያያል። «በልቷል» ከሆነ የስኳር መርፌውን ይወጋል፤ «አልበላም» ከሆነ ስኳሩ ከልክ በታች እንዳይወርድ ይተዋል።

መርፌ ከሚወጉት አንዱ የሰሃላው አያ ይግዛው ነበሩ። ሰማንያ ያለፋቸው ገበሬ ናቸው፤ ቀልደኛ፣ ግትር። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ እርዳታ ጣቢያ ተኝተው ሳለ በስቅለት ዕለት ብስኩት ተሰጣቸውና በሉ። በማግሥቱ ሁለት ልጆቻቸው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጾም አልፈው አያውቁም። የንስሐ አባታቸው መጥተው «በሽተኛ ጾም የለበትም፤ እግዚአብሔር ይፍታዎ» ቢሏቸው፣ «እርስዎ ፈቱኝ፤ እኔ ግን ራሴን አልፈታሁም» ብለው መለሱላቸው።

እንደምንም ለመርፌው ሲሉ ሰዓቱን ብቻ እየሻሩ፣ ሁዳዴውን የጠዋት አጥሚት እየጠጡ ገፉት። የሕማማት ሰኞ ግን ጽዋውን በእጃቸው ጀርባ መለሱት።

«አያ፣ ሳይበሉ መርፌ አይቻልም እኮ» አለቻቸው ደመቀች።

«እንግዲያ በላ ብለሽ ጻፊልኝ።»

«ኧረ በመድኃኔዓለም! እንዴት ብዬ?»

«አልበላም ካልሽ ያ ልጅ እንዳምናው ሆስፒታል ወስዶ በክንዴ ግሉኮስ ይሰድብኛል። በክንድም ቢሆን መብላት ነው። ልጄ፣ አምስት ቀን ናት። በእነዚያ ሕፃናት ይዤሻለሁ።»

በሞቱት ልጆቻቸው ለመኗት። እሷም ጾመኛ ናት፤ የራሷን ልጆች አሰበች። «አንድ ቀን ምን ያመጣል» ብላ «በልቷል» በሚለው ሳጥን ምልክት አደረገች። አማረ መጣ፣ መዝገቡን አየ፣ ወጋቸው።

ቀትር ላይ አያ ይግዛው ላብ በላብ ሆነው እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ደመቀች መመሪያው ሲመጣ በተሰጠው ሥልጠና የተነገራትን አልረሳችም፤ የስኳር በሽተኛ ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ ካያችሁ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ስጡት ተብላለች። ግን ሕማማት ነው። አዳራሹ ውስጥ የሚሰግደው ሁሉ ያልበዋል፣ የሁሉም ጉልበት ይንቀጠቀጣል። «ስግደቱ ነው» አሏት አያ ይግዛው። ስግደቱ ነው ብላ ተወችው። ማታ አጥሚቱን ሲጠጡ ፊታቸው ተመለሰ፤ ቀለዱባትም። ማክሰኞም እንዲሁ፣ ረቡዕና ሐሙስም እንዲሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል።

የስቅለት ዕለት ጠዋት አምስተኛውን ምልክት አደረገች። አማረ መርፌውን ሰጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ቤተ ክርስቲያን መድረስ ያልቻሉት አረጋውያን በአዳራሹ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ኪርያላይሶን እያሉ ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ። አያ ይግዛው ጥጉን ይዘው ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ነበር።

ደመቀች ለአልጋ ቁራኞቹ ውሃ ይዛ በአጠገባቸው አለፈች። የሚሰግድ ሰው አይነካም፤ ይህን ያላስተማረች እናት በዋግ የለችም። አንዲት አሮጊት ደግፋ ሽንት ቤት ስትወስድም አየቻቸው፤ እንደተደፉ ናቸው። እንዲያውም ቀናችባቸው። «እኔ እንዲህ የምጸልየው መቼ ይሆን?» አለች በልቧ። ስትመለስ ለሦስተኛ ጊዜ አለፈቻቸው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው እውነት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌሎቹ ሲቀመጡ እሳቸው አልተቀመጡም። ትከሻቸውን ነካች። በጎናቸው ተጋደሙ። ቀዝቅዘው ነበር።

ሰቆጣ ይህን ሰምታ ተገረመች። በስቅለት፣ ያውም በስግደት ላይ! «ምን ዓይነት ጽድቅ ነው!» ተባለ። ልጃቸው ፅዮን ከአምደወርቅ ለቀብር መጣች። አሥር ነፍስ የምታሳድር ድሃ ናት፤ አባቷን መጦር አልቻልኩም እያለች ስታፍር የኖረች። የደመቀችን ሁለት እጆች ይዛ ሳመች፤ «በእነዚህ እጆች መሞቱ ልቤን አሳረፈው» አለቻት። ደመቀች እጇን ለመንጠቅ ሞከረች፤ ፅዮን አለቀቀችም።

ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ተቆጣጣሪዋ ተመለሰች። በመመሪያው መሠረት ያልተጠበቀ ሞት ይመረመራል። በቢሮው ውስጥ አማረ፣ ደመቀችና ለቤተሰብ ትፈርም ዘንድ የተጠራችው ፅዮን ተቀመጡ። ተቆጣጣሪዋ መዝገቡን ገልብጣ አየች።

«አምስቱንም ቀን በልተዋል» አለች። «የበላን ሰው ከስኳር መርፌ በኋላ እንዲህ የሚጥለው የመድኃኒቱ መጠን ሲበዛ ነው። አቶ አማረ፣ ለጊዜው ከሥራ ይታገዳሉ። ፈቃድዎም ይታያል።»

የአማረ ፊት አመድ መሰለ። «ደመቀች የሌለ ነገር ጽፋ አታውቅም» አለ። «በልተዋል ካለች በልተዋል። እንግዲያ ከብልቃጡ ስቀዳ እጄ ስቶ ይሆናል። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

ከነገሩ ጦም እደሩ ይባላል። ደመቀች ዝም ብትል የሚጠይቃት አልነበረም። ሥራዋ ይቀራል፣ ልጆቿ ይበላሉ፣ ፅዮንም የአባቷን ጽድቅ ይዛ አገሯ ትገባለች። አንድ ሰው ብቻ ይወድቃል፤ እሱም የሩቅ አገር ልጅ ነው። ይህን ሁሉ አሰበችው፤ አላሰበችም ቢባል ውሸት ነው። አማረ እጆቹን አገላብጦ ሲያያቸው ግን አልቻለችም።

«አልበሉም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አልበሉም። ለምነውኝ ነው የጻፍኩት። ላባቸውን አይቻለሁ፤ መንቀጥቀጣቸውንም አይቻለሁ።»

የተቆጣጣሪዋ እስክርቢቶ ቆመ። ፅዮን አንዷን አየት፣ ሌላውን አየት አደረገች። «እየሰገደ አይደለም እንዴ የሞተው?» አለች።

«የሚሰግዱ መስሎኝ ነው» አለች ደመቀች። «ሦስት ጊዜ በአጠገባቸው አልፌአለሁ። አልነካኋቸውም።»

 ፅዮን ወደ አማረ ዞረች። «በምን ይድን ነበር?» አለችው። «ከአገር መውጣት ነበረበት? ትልቅ ሐኪም ነበር የሚያስፈልገው?»

አማረ መሬት መሬት እያየ፣ «መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ ቢደረስላቸው» አለ፤ «በአንድ ማንኪያ ስኳር።»

«በአንድ ማንኪያ» አለች ፅዮን። ከዚያ በኋላ ደመቀችን ቀና ብላ አላየቻትም።