የእናቴ ቆሎ በቴሌቪዥን

በቴሌቪዥናችን ውስጥ የትንንሽ ከተማ ወጣት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ተደራጅቶ ዶሮ ያረባል፤ ማይክ ሲደቀንለት ሥራ ሳይንቁ መሥራት እንደሚያስፈልግ ይመክራል። ሁለተኛው ሱሰኛ ነው፤ በረንዳ ላይ ተኮልኩሎ ይታያል እንጂ ማይክ አይሰጠውም። ፊልሞቻችንም ከዚህ ብዙ አይርቁም። የእኛን አገር ልጅ ካመጡት ወይ አዲስ አበባ መናኸሪያ ላይ ሻንጣውን ያስነጥቁታል፣ ወይ በአነጋገሩ ያስቁበታል። መብራት ጠፍቶበት እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ በያጅ ግን በፊልምም በዜናም አይቼ አላውቅም። ታናሽ ወንድሜ እንደዚያ ያለ ሰው ነበር።

ሞጣ ውስጥ ብየዳ ቤት ተቀጥሮ የብረት በርና መስኮት ይሠራ ነበር። እኔና እናቴ የምንኖረው ቢቸና ነው። እናቴ በየሳምንቱ ገብስና ሽምብራ ትቆላለታለች፤ ሱፍ ጣል ታደርግበትና በጥቁር ፌስታል ቋጥራ መናኸሪያ ድረስ ወርዳ ለሞጣው መኪና ረዳት ትሰጣለች። ሞጣ ቆሎ የለም ወይ ብዬ ስቀልድባት፣ የሞጣን ቆሎ ማን እንደቆላው በምን ታውቂያለሽ ትለኝ ነበር።

ፍልሰታ ነበር። ያን ቀን ሞጣ ከጠዋት ጀምሮ መብራት አልነበረም፤ ያለ መብራት ደግሞ ብየዳ የለም። የብየዳ ቤቱ ልጆች ጥቁር መነጽራቸውን እንዳደረጉ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ወንድሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ፌስታሉን ፈታና አንድ ጭብጥ ቆሎ ጉንጩ ውስጥ ጨመረ። ከመንገዱ ማዶ መኪና ውስጥ ሆነው የሚቀርጹ ሰዎች ነበሩ። እሱም አይቷቸዋል፤ ከተማውን የሚያነሱ መስሎት ፈገግ አለላቸው።

የቀረጹት ፕሮግራም ሲተላለፍ ከእናቴ ጋር ነበርኩ። መጀመሪያ ወንድሜን ያወቀችው እሷ ናት። ልጇ በቴሌቪዥን በመታየቱ እልል ልትል ምንም አልቀራትም ነበር። ያበጠ ጉንጭ፣ ጥቁር ፌስታልና ጥቁር መነጽር ታየ፤ ተራኪዋም በጫት ስለጠፋው ትውልድ በሚያሳዝን ድምፅ ማውራት ጀመረች። እናቴ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

ወንድሜ ያኔ ሽማግሌ ልኮ እሺ ተብሎ፣ የሚቀረው ቀን መቁረጥ ብቻ ነበር። የልጅቱ አባት ሞጣ የታወቁ እህል ነጋዴ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አልተሳደቡምም። ሽማግሌዎቹን ጠርተው ነገሩ ለዘንድሮ ይቆይ አሏቸው። የያዘው ቆሎ ነው ቢሏቸው፣ በዓይኔ ያየሁትን እንዴት ልካድ አሉ። እኔም ሞጣ ሄጄ ወንድሜን ለመንኩት፤ ራስህ ቀርበህ አስረዳቸው አልኩት። የተቆረጠ ብረት ይሞርድ ነበር፤ ሞረዱን አስቀመጠና አየኝ።

«ቆሎ ነው እያልኩ በየቤቱ ልዙር?»

ሞረዱን መልሶ አነሳና ሥራውን ቀጠለ።

ተናድጄ ቴሌቪዥን ጣቢያው ደወልኩ። የመለሰልኝ ሰው በጣም ትሑት ነበር። የልጁን ስም አልጠራንም፤ ምስሉ ለማሳያ ብቻ ነው አለኝ። የምን ማሳያ ብዬ ስጠይቀው ቅሬታዎን ለሚመለከተው ክፍል አደርሳለሁ ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ምስሉ ጥግ ላይ «ከማህደር» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ተመልሶ መጣ። ስለ ሥራ አጥነት ሲወራ ወንድሜ ነው፤ ስለ ስደት ሲወራም እሱ ነው፤ ስለ ዝርፊያ ሲወራም እሱው ፈገግ ይላል። ወንድሜ በአንድ ፌስታል ቆሎ የአገሩን ወጣት ጥፋት ሁሉ ተሸከመ።

ልጅቱን ለሌላ ሲድሯት ብየዳውን ጥሎ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወረደ። ወባ ያዘው። አብሮት ይሠራ የነበረ ልጅ ሲደውልልን ተቀብሮ ነበር። አስከሬኑን ማምጣት አልሆነልንም፤ ስልኩም የት እንደገባ አልታወቀም። ለልቅሶው ፎቶ ፈልገን ያገኘነው የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲወስድ የተነሳትን ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። እናቴ እሷን ይዛ አለቀሰች፤ ግን ይሄ እኮ ገና ልጅ ነው ትል ነበር።

ሐዘኑ ከወጣ በኋላ ዋናው ሥራዬ ቴሌቪዥኑን መጠበቅ ሆነ። ዜና አንባቢው «ወጣቶች» ሲል ሪሞቱን አፈፍ አድርጌ ወደ ሌላ ጣቢያ እቀይራለሁ። እናቴ እንዳታየው፣ እንደገና እንዳትሰማው ብዬ ነው። አንድ ምሽት ግን እጄ ዘገየ። በረንዳው መጣ፣ መነጽሩ መጣ፣ ወንድሜ ዞር ብሎ ፈገግ አለ። ሪሞቱን ሳነሳ እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ተይው፣ ልጀ» አለችኝ። «ቆሎየን እየበላ ነው።»

ተነስታ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀመጠች። ወንድሜ ሌላ ጭብጥ ዘግኖ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ምስሉ ተቆርጦ ሌሎች ልጆች መጡ። እሷ ግን ጉንጩን ባየችበት ቦታ ላይ እንዳፈጠጠች ቀረች። እኔ ደግሞ ከኋላዋ ሆኜ ተራኪዋ የምትለውን ሰማሁ።

አሁን ቤታችን ውስጥ የወጣቶች ዜና ሲጀምር ድምፁን አጠፋዋለሁ። ስድቡ ይቅርብን፤ ለእሷ ልጇ ይበቃታል። ጣቢያው እየደወልኩ መጨቃጨቁንም ትቻለሁ፤ ዛሬ የምፈራው እሺ ብለው ምስሉን እንዳያጠፉት ነው። አንዳንድ ቀን የሚያሳዩት የማናውቃቸውን ልጆች ነው። የትኛዋ እናት ምን ቋጥራ እንደላከችላቸው ማንም አይጠይቅም፤ ድምፅ በሌለው ስክሪን ላይ ተኮልኩለው ያልፋሉ። እናቴ እስከ መጨረሻው ታያለች። ሲያልቅ ነጠላዋን ሰብስባ ትነሳለች።

«ዛሬም አላመጡትም» ትላለች።