ከቀጨኔ የመጣ እንጆሪ

ያን ክረምት ሥራ የፈታሁት የምሠራበት ኬክ ቤት መንገድ ሲሰፋ ስለፈረሰ ነው። ባለቤቱ ሌላ ቦታ ሲያገኝ እንደሚጠራን ነግሮን ነበር፤ አልጠራንም። አራት ዓመት ሙሉ ጓዳ ውስጥ ቆሜ ክሬም ስመታና ቸኮሌት ሳቀልጥ ከኖርኩ በኋላ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን በፌስታል አንጠልጥዬ ቀጨኔ፣ እናቴ ቤት ገባሁ።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። አያቴም፣ የአያቴም እናት እንደዚያው ነበሩ። ክረምት ሲመጣ ሸክላው ውጭ አልደርቅ ስለሚል ቤት ይገባል፤ እኔና ታናሽ እህቴ በድስትና በገንቦ መሃል እየተሹለከለክን ነው ያደግነው።

ሐምሌ ላይ እህቴ በነርስነት ልትመረቅ ሆነ። "ኬክ ትሠሪልኛለሽ አይደል?" አለችኝ። ኦቨን የለንም። ያለን አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃና አንድ የከሰል ማንደጃ ነው፤ መብራቱ ደግሞ ሰማዩ ዝናብ ባረገዘ ቁጥር ይጠፋል። ትንሽ አሰብኩና "ኬክ ሳይሆን ሌላ ነገር እሠራልሻለሁ" አልኳት። እንጆሪ፣ ሙዝና አናናስ ገዛሁ፤ ኬክ ቤቶች የሚጠቀሙበትን ጥቁር ቸኮሌትም አመጣሁ።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ፍሬው ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ የቀለጠ ቸኮሌት ውስጥ ይነከራል፣ እስኪጠነክር ይቀመጣል። በቃ። ችግሩ ቸኮሌት ውሃ አይወድም። አንዲት ጠብታ ከገባችበት ይጓጉላል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያቃናውም። እኔ ደግሞ በሐምሌ ዝናብ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። በመጀመሪያው ቀን ጣሪያው ካልጠረጠርኩት ቦታ አፈሰሰና ሳህኑ መሃል ጠብ አለ። እንደ መስታወት ያበራ የነበረው ቸኮሌት ዓይኔ እያየ እርጥብ አፈር መሰለ።

እናቴ አንገቷን አስግጋ አየችና ሳቋን ለቀቀችው። "ይኼማ የኔ ሥራ ሆነ! አምጪው፣ ድስት ላውጣለት።"

በማግስቱ ከጣሪያው ሥር ላስቲክ ወጠርኩ። እናቴ እጇን እስከ ክንዷ ታጥባ አጠገቤ ተቀመጠችና እንጆሪዎቹን አንድ በአንድ በንጹሕ ጨርቅ ታደርቅልኝ ጀመር። የእሷ እጅ ጭቃ የሚያቦካ፣ እንጨት የሚሰብር እጅ ነው፤ አንዲት እንጆሪ ግን አልጨፈለቀችም። እኔ እሳቱን ከፍ ላደርግ ስል "አታጣድፊው" ትለኛለች። ቸኮሌት ቀምሳ አታውቅም፣ እሳትን ግን ታውቃለች።

ምርቃቱ ላይ ትሪው ከመቅረቡ አለቀ። የእህቴ ጓደኞች ፎቶ አነሡት፣ ተሻሙበት። አንደኛዋ፣ ቤታቸው ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር የሆነ ልጅ፣ አራት እንጆሪ በሶፍት ጠቅልላ ለእናቷ ወሰደች።

እናትየው የደወሉልኝ ጳጉሜን ሲገባ ነው።

"የዘንድሮ እንቁጣጣሽ ረቡዕ ነው የሚውለው" አሉኝ። "ጾም ስለሆነ ለእንግዶቼ ኬክ ላቀርብ አልችልም። ያንቺው ነገር የጾም ነው አይደል?"

"አዎ እትዬ፣ ወተትም ቅቤም የለበትም።"

"እንግዲያውስ ለሃምሳ ሰው። ነይና እንነጋገር።"

ሄድኩ። ሰፊ ሳሎን፣ ነጭ መጋረጃ። ሴትየዋ ደግ ናቸው፤ ዛሬም ደግ አልነበሩም አልልም። ሻይ አስመጡልኝ፣ ስለ ኬክ ቤቱ ጠየቁኝ፣ ስለ መፍረሱ አዘኑልኝ። ከዚያ "ቤታችሁ የት ነው?" አሉኝ።

"ቀጨኔ።"

"ቀጨኔ የት ጋ?"

"መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ። እናቴ እዚያው ሸክላ ትሠራለች።"

ስኒያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ያንን ዝምታ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። "እኔ እንኳን እንዲህ ዓይነት ነገር አላምንም" አሉ በመጨረሻ። "የእግዚአብሔር ፍጡር ሁሉ እኩል ነው። ግን እንግዶቼ... እ... ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ የድሮ ሰዎች። ከጠየቁ ከቦሌ ኬክ ቤት የመጣ ነው እንበላቸው። ላንቺም ይሻላል።"

እሺ አልኩ። በሕይወቴ ካወጣኋቸው ቃላት ሁሉ እንደዚያች "እሺ" ያሳፈረችኝ የለችም።

ቁልቁለቱን ስወርድ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ የሆነ ነገር ትዝ አለኝ። የክፍል ጓደኛዬ ቤት ሄጄ እናቷ ምሳ እያቀረቡ ነበር። ልጅቷ "የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ናት" ስትላቸው ሴትየዋ ምንም አልተናገሩም፤ ሰፌድ አንሥተው ትሪውን ከደኑት። እኔ ቁጭ ብዬ ያንን ሰፌድ አየሁት። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል፣ እጁ አይነካም የሚባለውን ወሬ ያን ጊዜ ማንም አልነገረኝም ነበር። ሰፌዱ ነገረኝ።

ቤት ደርሼ ለእናቴ ሁሉንም አወራሁላት። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን የጀመረችውን ገንቦ አፍ እያለሰለሰች "ምን አለበት፣ በይላቸው" አለችኝ። "እኔም ገበያ ላይ 'ከየት ነው?' ሲሉኝ 'አምጥተውልኝ ነው' እላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲያ ስል ነው የኖርኩት።"

ይኼንን አላውቅም ነበር። በገዛ እጇ የሠራችውን ዕቃ "አምጥተውልኝ ነው" እያለች እንደምትሸጥ አላውቅም ነበር። ከሴትየዋ ቃል ይልቅ የእናቴ አመመኝ።

"አልልም" አልኳት።

"እሺ ብለሻቸዋል እኮ።"

"ተሳስቼ ነው። አልልም።"

የእንቁጣጣሽ ዕለት ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን ሥራ ጀመርን። ዝናቡ ቆሞ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። እንጆሪውን ነከርኩ፣ አናናሱን ስቴኪኒ ላይ እየሰካሁ ጫፉን ብቻ ነከርኩ፣ ሙዙ ላይ የተፈጨ ለውዝ ነሰነስኩ። በመጨረሻ የብርቱካን ልጣጭ በስሱ ፍቄ ከላይ በተንኩበት፤ ጥቁሩ ላይ ቢጫው ሲያርፍበት መስከረም መሰለ። የኬክ ቤት ካርቶን ነበረኝ። ካርቶኑን ተውኩትና የእናቴን ጥቋቁር የሸክላ ሳህኖች አውርጄ ፍሬውን እነሱ ላይ ደረደርኩ። ከዚያ አንድ ነጭ ወረቀት ቆርጬ በእስክርቢቶ "ቀጨኔ የተሠራ" ብዬ ጻፍኩ።

እናቴ ማንበብ ትችላለች። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ጓዳ ገብታ ሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ሳህኖቼ ከሄዱ እኔም እሄዳለሁ።"

ስንደርስ እንግዶቹ ምሳ በልተው እየጨረሱ ነበር። የቤቱ እመቤት በር ላይ ተቀበሉን። መጀመሪያ ሳህኑን አዩ፣ ቀጥሎ ወረቀቱን፣ ቀጥሎ እናቴን። ወደ ጥግ ሳብ አደረጉኝ።

"ምን ተባብለን ነበር?"

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ያን ቀን እሺ ማለት አልነበረብኝም። ካልፈለጉት አሁኑኑ ይዤው እመለሳለሁ። ካስገባሁት ግን ወረቀቱም ይገባል።"

ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል፤ ከምሳ በኋላ የሚቀርብ ሌላ ጣፋጭ የለም። ፊታቸውን ወደ እንግዶቹ፣ መልሰው ወደ እኔ አዞሩ። "አስገቢው" አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው።

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ልጃቸው፣ የእህቴ ጓደኛ፣ ቀድማ መጣችና "ይኼ ነው ያልኳችሁ!" እያለች ለሰው አደለች። ነጠላ ያጣፉ አንዲት ትልቅ ሴት አንድ እንጆሪ ወሰዱ፣ ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለልጅ ልጃቸውም አንድ ሰጧት። "እንዴት ያለ ነገር ነው እናንተ!" አሉ። "ከየት ያመጣችሁት ነው?" መነጽራቸውን አስተካክለው ወረቀቱን ሲያነቡ አየኋቸው። ለሁለተኛው የዘረጉት እጅ ተመለሰ። ጣታቸውን በሶፍት ጠረጉ፣ ጠረጉ፣ ደግመው ጠረጉ።

"ማን ነው የሠራው?"

"እኔ ነኝ እማማ" አልኩ።

"የማን ልጅ ነሽ?"

"የእሷ" ብዬ እናቴን አሳየሁ። "ሸክላ ሠሪ ናት።"

ወደ ልጅ ልጃቸው ዞሩ። "ተፊው!"

ልጅቷ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። አፏን ከፍታ ባዶውን አሳየቻቸው። "ዋጥኩት እኮ!"

አንድ ሰው ሊስቅ ሲል ራሱን ያዘ። እኔ አንድ እንጆሪ አንሥቼ እያዩኝ በላሁ። የምናገረው ሳይሆን የማደርገው ነገር ነበር የታየኝ።

የተናገረችው እናቴ ናት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ወደ ምሳው ጠረጴዛ ሄዳ ሽሮው ከቀረበባቸው ድስቶች አንዱን በሁለት እጇ አነሣች፤ ግርጌው ላይ ሽሮ ቀርቷል። ጆሮውን በአውራ ጣቷ ዳበሰች።

"ሽሮው እንዴት ነበር እትዬ?" አለቻቸው አሮጊቷን።

ሴትየዋ ልጅቷን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጓት።

"ይኼን ድስት እኔ ነኝ የሠራሁት። ጆሮውን እንዲህ ጠምዝዞ የሚያበጅ ሌላ ሰው የለም። ያኛውም የኔ ነው። እዚያ ጥግ ያለውም።" ድስቱን ቀስ አድርጋ ቦታው መለሰችው። "ዛሬ ሁላችሁም ከእጄ በልታችኋል። ደህና ናችሁ፣ ተመስገን። እንኳን አደረሳችሁ።"

ስታበቃ የቤቱ እመቤት ራሳቸው ሄደው ድስቶቹን አዩ። ከሽሮ ሜዳ መንገድ ዳር እንደ ገዟቸው ለልጃቸው በሹክሹክታ ሲነግሩ ሰማሁ። አሮጊቷ ነጠላቸውን ሰብስበው ልጅቷን በእጇ ይዘው ወጡ። ሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎችም ተከተሏቸው። ከቀሩት መሃል አንዳንዶቹ በሉ፣ አንዳንዶቹ ሳህኑን እንዳላዩ አለፉት። አንድ ሽማግሌ ግን ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠግተው ሙዙን ተራ በተራ ጨረሱት።

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ያሸነፍን አይመስለኝም። ግማሹ ፍሬ ተረፈና ቁልቁለቱን ይዘነው ወረድን፤ ለጎረቤት ልጆች አደልነው። እህቴ ስትሰማ አለቀሰች። "ጓደኛዬን አዋረድሽብኝ! ወረቀቱ ባይኖር ምን ነበረበት?" ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። የቤቱ እመቤት ዳግመኛ አልደወሉም። ከእንግዶቹ ሦስት ሰዎች ግን በሴትየዋ ልጅ በኩል ስልኬን ጠይቀው አዘዙኝ። አንደኛዋ "ያለ ወረቀቱ ከሆነ" አለችኝ። እንቢ አልኳት። ሁለቱ ቀሩኝ፤ ከሁለቱ ሌሎች መጡ። ዘንድሮ የምርቃት ሰሞን ለብቻዬ ስላልቻልኩ እህቴ ከአዳር ሥራዋ መልስ ፍሬ ታደርቅልኛለች። ስለ ወረቀቱ አንሥታ አታውቅም፤ አንድ ቀን ግን የእኔ የእጅ ጽሑፍ አያምርም ብላ ራሷ ጻፈችው።

አሮጊቷን በቅርቡ አገኘናቸው። የመድኃኔዓለም ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በሩ ላይ ፊት ለፊት ገጠምን። እኔ አንገቴን አዙሬ ላልፍ ነበር። እናቴ ግን ቆመች፣ ዝቅ ብላ እጅ ነሣችና ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "እትዬ፣ እንደምን አደሩ!" አለቻቸው።

ሴትየዋ መሬት መሬት እያዩ "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉና አለፉ።

"ምን አደረጉልሽና ነው የምትሰግጂላቸው?" አልኳት ተናድጄ።

"መለሱልኝ እኮ፣ አልሰማሽም?" አለች እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች። "ዘንድሮ አፋቸው መልሷል። ለከርሞ ዓይናቸውም ይመልሳል። እኔ እንደሆነ የትም አልሄድም።"