የፊተኛው ልጅ ገንፎ

የበደለችኝ የባሌ ታላቅ እህት ናት። የበደለችኝም የመጀመሪያ ልጄን በቀበርን ማግስት፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ልጁ ዘጠነኛ ወሩን ይዞ ሆዴ ውስጥ ሞቶ ነው የተወለደው። ሴቻ ሰፈር ባለው ቤታችን ተኝቼ የጎረቤት ሴቶችን ድምፅ ከበር ሰማሁ፤ የገብስ ገንፎ ይዘው መጥተዋል። እሷ በሩን ይዛ፣ «ልጅ በሌለበት ቤት ምን አራስ አለ? መልሱት፣ ባታስታውሷት ይሻላል» አለቻቸው። ገንፎው ተመለሰ። ጡቴ ወተት ሞልቶ ሲያመኝ በነጠላ ጥፍር አድርጋ አሰረችልኝ። በሳምንቱ የምሠራበት ትምህርት ቤት፣ መዝገብ ቤት ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ባሌ እስከ ዛሬ «ለአንቺ አስባ ነው» ይላል። እንግዲህ እሱ ወንድሟ ነው። እኔ ሃምሳ ዓመቴን ተሻግሬም ድምጿን አልረሳሁትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እንደገና አረገዝኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ለባሌም የነገርኩት ቀሚሴ አልዘጋ ሲል ነው፤ ለእህቱ ትንፍሽ እንዳይል ቃል አስገብቼ።

መጀመሪያ ያወቀችብኝ ከቤታችን ዝቅ ብላ መንገድ ዳር የምትሸጥ ዓሣ ነጋዴ ናት። የጫሞ ሐይቅን ዓሣ ጠዋት በፒክአፕ ታስመጣና እዚያው እየበለተች ትሸጣለች። ረቡዕ ረቡዕ ደንበኛዋ ነበርኩ። ሽታው ሲያስጠላኝ ግን በወዲያኛው ጠርዝ ማለፍ ጀመርኩ። አንድ ቀን «አንተ!» ብላ ጮኸችብኝ። አማርኛን በጋሞኛ ላይ የተማረችው ስለሆነ ወንድ ሴት አትለይም፤ ሁሉም «አንተ» ነው። «ከእኔ ተጣልተህ ነው ወይስ አርግዘህ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ካረገዝኩ የመጀመሪያዬ ሳቅ ነበር።

ዓሣዋን ሸጣ ስትጨርስ ቤቴ መጣች፤ የፊተኛውን ልጄን ነገር ሰፈር ሲያወራ ሰምታ ኖሯል።

«የፊተኛው ጊዜ ስንት ቀን ተኛህ?»

«አልተኛሁም።»

«ገንፎ ማን አበላህ?»

«ማንም።»

ወደ እኔ ጠጋ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ፣ «ወንድ ነበር ሴት?» አለችኝ።

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «ወንድ» አልኳት። «አፍንጫው የአባቱን ነበር።»

በማግስቱ የገረሴ ደጋ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ መጣችና ወደ አልጋው ጠቆመችኝ። «ተኛ። ዛሬ የፊተኛው ልጅ አራስ ነህ። እሱን ሳትጨርስ ሌላውን እንዴት ትጀምራለህ?»

የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ አራስ ተኛሁ! ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ፣ ሰባት ቀን ሙሉ። ዓሣዋን ሸጣ እየመጣች ገንፎ አገነፋችልኝ፤ እኔም እያለቀስኩ በላሁ። በሦስተኛው ቀን ጉርሻዬን ሳልውጥ ሆዴ ውስጥ ዱብ! አለ። «ረገጠኝ!» ብዬ ጮህኩ። እጇን ሆዴ ላይ አሳርፋ ጠበቀች፤ ደገመው። «ይሄ ሆዳም ነው» አለች፣ «የወንድሙን ገንፎ ሊሻማ ነው!»

ከዚያ ወዲህ አፌን መያዝ አቃተኝ። ገረሴ ላለችው እናቴ ደውዬ ነገርኳት። ሲቀላ ገበያ ወርጄ ሳይወለድ አይገዛም የሚባለውን ሁሉ ገዛሁ፦ ቢጫ ኮፍያ፣ ፎጣ፣ አውራ ጣት የምታክል ካልሲ። መሥሪያ ቤት ካልሲዋን ጣቴ ላይ አጥልቄ በየጠረጴዛው ዞርኩ። በዚያ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን እዘል ነበር።

እርግዝናዬ የፊተኛው የሞተበት ሳምንት ላይ ሲደርስ አንድ ከሰዓት መርገጡ ጠፋ። ተሯሩጬ ወደ ዓሣ ነጋዴዋ ወረድኩ። ቢላዋዋን ጣለች፤ እጇ ላይ የዓሣ ቅርፊት እንደተለጠፈ ባጃጅ አስቆመች። መንገዱን ሙሉ እጄን ጨብጣ ያዘች። ሐኪም ቤት አዋላጇ የልብ ምት ማዳመጫውን ሆዴ ላይ አድርጋ ድምፁን ስትጨምረው ፈረስ የሚጋልብ መሰለ። ዓሣ ነጋዴዋ እልልታዋን ለቀቀችው። «ኧረ ሐኪም ቤት ነው!» ብላ አዋላጇ ተቆጣች፤ እሷም ግን ትስቅ ነበር።

ሴት ልጅ ወለድኩ፤ ጩኸቷ ግድግዳ የሚያፈርስ።

በአራተኛው ቀን የባሌ እህት ቅቤ ይዛ መጣች። «እንኳን ጌታ በሰላም ገላገለሽ! በይ ልጄን አምጪልኝ» ብላ እጇን ዘረጋች።

«ይሄ ቅቤ የሴቷ ነው፣ እትዬ» አልኳት። «የወንዱስ?»

«የቱ ወንድ?»

«ገንፎውን ከበር ያስመለስሽበት።»

ባሌ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ዓሣ ነጋዴዋ ገንፎውን ማማሰሏን አላቆመችም። እህቱ ልጅቷን ሳታቅፍ ወጣች።

በአሥረኛው ቀን ሌላ ቅቤ ይዛ ተመለሰች። አጠገቤ አኖረችው። ልጅቷን አቀበልኳት። ቅቤውን የወንዱን ገንፎ ላገነፋችልኝ ለዓሣ ነጋዴዋ ሰጠሁ።